በስሜ የተሳፈረው የሚስማር ከረጢት

ለክቡር የአየር መንገዱ ዋና ሥራ አስኪያጅ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ይህች ደብዳቤ እጅዎ ስትገባ እርስዎንም ቤተሰብዎንም በሙሉ ጤና እንድታገኛችሁ፣ የሚቀመጡበት ወንበር እንዲመችዎ፣ ቦርሳዎንም ማንም ሰው ብድግ አድርጎ «ይሄ ስንት ኪሎ ነው?» እንዳይልዎ ከልቤ እመኛለሁ። እኔ ለጤናዬ ደህና ነኝ። የምጽፍልዎ ከአየር ማረፊያችሁ መጠበቂያ ክፍል፣ አንደኛው እግሩ ከሌሎቹ የሚያጥር አግዳሚ ወንበር ላይ ሆኜ ነው። ስለ ወንበሩ በጣም አመሰግናለሁ። መጀመሪያ የተሰበረ መስሎኝ አዝኜላችሁ ነበር፤ መንገደኛ እንቅልፍ ወስዶት አውሮፕላን እንዳያመልጠው ታስቦበት የተደረገ መሆኑን የተረዳሁት ቆይቼ ነው።

ራሴን ላስተዋውቅ። ባሌ የሞተብኝ፣ ብዙ የማልናገር፣ ትምህርት ቤት ያልገባሁ ሴት ነኝ። ማንበብ የለመድኩት ብቻዬን፣ ስኳርና ሳሙና ተጠቅልሎበት ከሚመጣ ጋዜጣ ላይ ነው። ከዚያ ልማድ የተነሣ ፊደል ያለበት ነገር እጄ ከገባ ሳልጨርሰው አላስቀምጥም። በትኬታችሁ ጀርባ ላይ ያለውን፣ ጉንዳን ተሰልፎ የሄደበት የሚመስለውን ጽሑፍም ከዳር እስከ ዳር አንብቤዋለሁ። «የመንገደኛው የሻንጣ መብት» የሚል ርዕስ አለው። ብዙ ነገር አንብቤ አውቃለሁ፤ መብቴ እንዲህ አጥብቆ ሲይዘኝ ግን ይህ የመጀመሪያዬ ነው።

ወደ ጉዳዬ ልግባ። ታላቅ እህቴ በመስመራችሁ መጨረሻ ባለችው ከተማ ሆስፒታል ተኝታለች። ሆዷ ውስጥ ያለውን እብጠት ቀዶ የሚያወጣላት ሐኪም ለአንድ ሳምንት ብቻ የመጣ እንግዳ ነው፤ ሳምንቱ ሲያልቅ በእናንተው አውሮፕላን ይመለሳል። እህቴ ታዲያ ለሐኪሙ «እሷ ካልመጣች ቀዶ ጥገና ክፍል አልገባም» ብላዋለች። እሷ የተባልኩት እኔ ነኝ። ለእኔ ደግሞ በስልክ «ዓይኔን ስከድን የማየው ፊት ያንቺ ይሁን፤ ስገልጥም እዚያው ላግኝሽ» አለችኝ። እህቴ እንዲህ ያለ ቃል የሚወጣት ሴት አይደለችም፤ አንድ ጊዜ ከወጣትም አትደግመውም። የመኪናው መንገድ ድልድዩ ከፈረሰ ወዲህ ተዘግቷል፤ ወደ እሷ የሚያደርስ ከእናንተ በቀር ማንም የለም። ስለዚህ ትኬት ቆረጥኩ፣ ቦርሳዬንም አዘጋጀሁ፦ ከፊት የሚከፈት የሌሊት ልብስ ለእሷ፣ ቅያሪ ቀሚስ ለእኔ፣ ፎጣ፣ ፔርሙስ፣ ሁለት መጽሐፍ። ሁሉም አንድ ላይ አምስት ኪሎ።

ይኸውና በእናንተ ቸርነት ከመንገዱ እኩሌታ ላይ ቀርቻለሁ። እርስዎ ሥራ የሚበዛብዎ ሰው ስለሆኑ ምስጋናዬንና ቅሬታዬን በቁጥር ለይቼ አቀርባለሁ፤ የቱ ምስጋና የቱ ቅሬታ እንደሆነ ግን እኔም አንዳንዴ ስለሚምታታብኝ ይቅርታዎን እጠይቃለሁ።

አንደኛ፣ ስለ ልግስናችሁ። በተነሣሁበት ከተማ፣ ትልቁ አውሮፕላናችሁ ላይ ለአንድ ሰው ሃያ ኪሎ ትፈቅዳላችሁ። እኔ አምስቴን ይዤ ስቀርብ ባለሚዛኑ ቦርሳዬን በአንድ ጣቱ አንጠልጥሎ አየና፣ እኔንም ከላይ እስከ ታች አይቶ «እማማ፣ እርስዎና ቦርሳዎ ተደምራችሁም አንድ ነጋዴ አትሞሉም» አለኝ። ከዚያ ወደ ሰልፉ ዞሮ እንደ ታክሲ ረዳት «ኪሎ አለ! ባዶ ኪሎ አለ! የጎደለው ይምጣ!» እያለ ተጣራ። ይህ በመስመራችሁ የታወቀ አሠራር መሆኑን ከእኔ ይልቅ እርስዎ ያውቃሉ፤ የተረፈው ላነሰው ያበድራል፣ ባለሚዛኑ ያስማማል፣ ማንም እንደ ነውር አይቆጥረውም። ከሰልፉ ውስጥ የጣራ ሚስማር የሚነግድ ሰው፣ ከአሁን በኋላ ባለሚስማሩ የምለው፣ የራሱን ሃያ ኪሎ አስመዝኖ የጨረሰ፣ አንዲት ትንሽ ከረጢት መሬት ለመሬት እየጎተተ መጣ። ትንሽነቷን አይተው እንዳይንቋት፤ ልክ አሥራ አምስት ኪሎ ናት። «እናቴ፣ ኪሎዎን ያበድሩኝ። እኔ መንገድ ላይ ወራጅ ነኝ፤ እንደደረስን አንሥቼ እገላግልዎታለሁ» አለኝ። እሺ አልኩት። እውነቱን ለመናገር ደስም ብሎኝ ነበር፤ ለሰው የሚተርፍ ነገር ይዤ የተገኘሁበት ቀን ብዙ አይደለም። ባለሚዛኑ የከረጢቷን አፍ በሽቦ አሥሮ በእርሳስ አተመና በስሜ ወረቀት ለጠፈባት። ወረቀቱ ላይ የተጻፈው መድረሻ የእኔ መድረሻ ነው፤ የባለሚስማሩ አይደለም። ባለሚዛኑ ሲለጥፍ አላስተዋለም፣ ባለሚስማሩ ከባድ ነገር በመገላገሉ ደስ ብሎት አላየም፣ ፊደል ሳይጨርስ የማያስቀምጠው የእኔም ዓይን ያን ቀን ሌላ ነገር ያስብ ነበር።

ሁለተኛ፣ ስለ ትንሹ አውሮፕላን። እዚህ ስንደርስ እኔ ወደ ትንሹ አውሮፕላን የምዛወር ሆንኩ። በትንሹ አውሮፕላን ለአንድ ሰው የሚፈቀደው አሥር ኪሎ ነው። መንገደኛዋ ያችው ናት፣ ትኬቱም ያው ነው፤ መብቱ ግን በሰማይ ላይ ሲጓዝ እንደ ታጠበ ሱፍ ልብስ ተሰብስቦ ግማሽ ሆኖ ይደርሳል። የእኔ አምስትና የሚስማሩ አሥራ አምስት ተደምረው አሥር ኪሎ ትርፍ ተገኘብኝ። ልክፈል ብል በትንሹ አውሮፕላን ትርፍ ኪሎ አይሸጥም ተባልኩ። ከረጢቷ የእኔ እንዳልሆነች፣ ባለቤቷም አጠገቤ ቆሞ ላቡን እየጠረገ መሆኑን አስረዳሁ። በመስኮቱ ያለችው ልጅ ትሑት ልጅ ናት፣ ደመወዝ ቢጨመርላት አልቃወምም። ኮምፒውተሯን አይታ፣ አንገቷን ወደ ጎን ዘንበል አድርጋ «እማማ፣ ሲስተሙ የሚያውቀው እርስዎን ነው» አለችኝ። ባለሚስማሩ መታወቂያውን መስታወቱ ላይ ለጥፎ «እኔን እዪኝ! የኔ ነው! ከፈለግሽ ፍሬ በፍሬ ቆጥረሽ አስረክቢኝ!» ቢላት «የእርስዎ ዕቃ ደርሶዎት ወጥተዋል ጌታዬ፤ ሲስተሙ ዘግቶልዎታል» አለችው። እሱም ተስፋ ቆርጦ «እንግዲያው ለአየር መንገዱ መርቄዋለሁ! ጣራችሁን ምቱበት!» አለ። «ስጦታ የምንቀበለው ከባለቤቱ ነው» አለችውና ዓይኗን ወደ እኔ መለሰች። እኔም መረቅኩ። ተቀባይነት አላገኘም፤ ምክንያቱን ቀጥሎ እገልጻለሁ።

ሦስተኛ፣ ስለ ሕጋችሁ አሠራር፣ ይህን በአድናቆት ነው የምጽፈው። መንገደኛ ያለ ዕቃው አይበርም፤ ዕቃም ያለ መንገደኛው አይበርም። የተመዘገበ ዕቃ የሚሰጠው ወረቀቱ ላይ በተጻፈው መድረሻ ብቻ ነው። ዕቃውን ለመተው ወይም ለመስጠት የሚፈልግ መንገደኛ ይችላል፤ የሚችለው ግን ከተረከበው በኋላ ነው። ወረቀቱ እንዲቀየርለት የሚፈልግ ወረቀቱ በተቆረጠበት ቢሮ በአካል ይቀርባል። በአካል ልቅረብ ብዬ ወደ ኋላ ልመለስ ስል ደግሞ የመመለሻ ትኬቴ የሚጀምረው ካልደረስኩበት ከተማ ሆኖ ተገኘ። እያንዳንዱን ለብቻው ሳነበው እውነትም ልክ ነው፣ የሚነቀፍ ቃል የለውም። አንድ ላይ ሳነባቸው ግን አራት በር ያለው ክፍል ውስጥ ገብቼ፣ በየበሩ ላይ «እባክዎ በሚቀጥለው ይሞክሩ» የሚል ማስታወቂያ እያነበብኩ የምዞር ሆኜ ተሰማኝ። ማስታወቂያዎቹ በሙሉ «እባክዎ» ስላላቸው መቆጣትም አልቻልኩም።

አራተኛ፣ ስለ ሰው ሚዛን። በትንሹ አውሮፕላን ሰውም ይመዘናል። በፊቴ የነበሩት ሰውዬ፣ ዕድሜ ይስጣቸው፣ ሚዛኑ ላይ ሲወጡ መርፌው ደንግጦ ዞረ፤ ዘጠኝ ኪሎ ቦርሳቸውን ይዘው በሰላም አለፉ። እኔ፣ ቦርሳዬና ሚስማሩ ሦስታችን ብንደመር የእሳቸውን ግማሽ በጥቂት ብናልፍ ነው። ይህን ለዚህኛው ከተማ ባለሚዛን ሳመለክት «የሰው ክብደት ለመረጃ ያህል ነው እማማ፤ የሚቆጠረው የዕቃው ነው» አለኝ። ከእኔ ኋላ የነበረች ሴት ይህን ስትሰማ ሁለት ኪሎ ትርፍ ያለበት ዘንቢሏን ፈታች፣ እዚያው ሚዛኑ ሥር ቁጭ አለችና ሙዟን መብላት ጀመረች። ላጠች፣ ጎረሰች፣ ውሃ ጠጣች፣ እንደገና ላጠች። ዘንቢሉ ሲመዘን ልክ ሆነ፤ ሴትየዋም ሙዙም በአንድ ወንበር ተሳፈሩ። አውሮፕላኑ ልዩነቱን ማወቁን እንጃ። ሚስማር የሚበላ ቢሆን ኖሮ ክቡርነትዎን ባላስቸገርኩ ነበር።

አምስተኛ፣ ስለ ትጋታችሁ። ከረጢቷ የምትኖረው በሽቦ ወንፊት በተከለለው የዕቃ ክፍል ውስጥ ነው፤ ከአግዳሚ ወንበሬ ፊት ለፊት ስለሆነች ቀኑን ሙሉ እንተያያለን። በየቀኑ ጠዋት ትንሹ አውሮፕላን ሲመጣ ባለሚዛኑ ያወጣትና ሚዛኑ ላይ ያስቀምጣታል፤ ምናልባት ሌሊቱን ቀንሳ ይሆናል ብሎ ነው። አልቀነሰችም። እኔ ሁለት ኪሎ ቀንሻለሁ፤ እሱ ግን ለመረጃ ያህል ነው።

የማድረው ባለሚስማሩ ቤት ነው። መጀመሪያ ቀን ይዞኝ ሲገባ ሚስቱ ነገሩን ሰምታ «ሚስማር ሽጥ አልኩህ እንጂ ሰው ቸንክረህ አምጣ አልኩህ?» አለችው። እኔን ግን «እትዬ፣ ይግቡ፤ እሱን ይተዉት፣ እሱ ለራሱም ቤት የሚሆን ሚስማር አስቀርቶ አያውቅም» ብላ አልጋዋን ለቀቀችልኝ። ጠዋት ጠዋት እኔና ባለሚስማሩ ተያይዘን ወደ አየር ማረፊያችሁ እንመጣለን። እሱም ተይዟል፤ ዝናብ ሳይጥል ቆርቆሮ እንዲመታላቸው ጣራቸውን ከፍተው የሚጠብቁት ደንበኞቹ በየሰዓቱ ይደውሉለታል፣ እሱም በየሰዓቱ «ዕቃው ደርሷል፣ እያየሁት ነው» ይላቸዋል። አይዋሽም፤ እውነትም እያየው ነው።

ስድስተኛው ቅሬታ አይደለም። ቁጥር የሰጠሁት ከሌሎቹ ተለይቶ እንዳይሳቀቅ ብዬ ነው።

የቀረሁ ቀን ለእህቴ ደወልኩላት። «ዛሬ አልደርስም» አልኳት። «ምን ያዘሽ?» አለችኝ። ሌላ ቃል ፈለግኩ፣ አላገኘሁም፤ «ሚስማር» አልኳት። ትስቅ ይሆናል ብዬ ጠበቅኩ። «ያኔ ጉንፋን ነበር፣ አሁን ሚስማር። ደግ ነው፣ እየበረታሽ ነው» አለችና ዘጋችው። ከዚያ ወዲህ ስልኩን የምታነሣው ነርሷ ናት፤ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «እትዬ፣ አላናግርም ብለዋል። ሐኪሙንም አልገባም እንዳሉት ነው። ቶሎ ቢመጡ ጥሩ ነው» ትለኛለች። ሐኪሙ ሊሄድ ቀኑ ተቃርቧል።

ከዚህ በፊትም አንድ ጊዜ ጠርታኝ ነበር። ያኔ የሆነውን ለእርስዎ አልጽፍም፤ እሷ ታውቀዋለች፣ እኔም አውቀዋለሁ። በመካከላችን ሚዛን አልነበረም፣ የፈረሰ ድልድይም አልነበረም፤ በእግር የሚደረስ መንገድ ነበር። ይህን የጠቀስኩት እንዲያዝኑልኝ አይደለም። አየር መንገድዎ የዋለልኝን ውለታ በልኩ እንዲያውቁት ብዬ ነው። ሰው የሚያምነውን ምክንያት ያኔ ያለ እውነት ተጠቅሜ ጨርሼዋለሁ። ዛሬ እውነቱ በእጄ ሲገባ፣ ሰው ፊት ሊቀርብ የማይችል እውነት አድርጋችሁ ሰጣችሁኝ። ጉንፋን ቢሆን ማንም ያምናል። «በማላውቀው ሰው ሚስማር ተይዤ ነው» ብላ የምትደውል እህት ግን፣ ክቡር ሆይ፣ እርስዎስ ቢሆኑ ያምኗታል?

እንግዲህ ልመናዬን ላቅርብ። ሕጋችሁን ጣሱ አልልም፤ ሕጋችሁ ከእኔ ይልቅ ጠንካራ መሆኑን አይቻለሁ። የምለምነው በሕጋችሁ ውስጥ ሆኖ ነው።

ባለሚዛኑ እንደነገረኝ ጭነት የተባለ ነገር ባለቤት ሳይሸኘው ብቻውን መብረር ይችላል፤ የመኪና ጎማ፣ የሲሚንቶ ከረጢት፣ አንድ ጊዜም ቁም ሣጥን ሄዷል አሉ። ስለዚህ እኔን ጭነት አድርጋችሁ ብትቆጥሩኝ ቅር አይለኝም። ወረቀት አንገቴ ላይ ይለጠፍ፣ ከጎማዎቹ መካከል ቁጭ እላለሁ። የምሰበር ዕቃ አይደለሁም፤ ወደ ላይ የሚሆነው ወገኔም በቀላሉ ይታወቃል።

ይህ የማይቻል ከሆነ ሌላው ልመናዬ ስለ ሐኪሙ ነው። በሳምንቱ መጨረሻ ቦርሳውን ይዞ ወደ መስኮታችሁ ሲቀርብ፣ እባክዎ፣ እኔን በመዘናችሁበት ትጋት መዝኑት። አንዲት ኪሎ ትርፍ አግኙበት። መድረሻው ላይ ካልሆነ የማይሰጥ፣ ካልተረከበው የማይጥለው፣ ካልጣለው የማይሳፈርበት አንድ ነገር በስሙ መዝግቡለትና እዚያው አቆዩልኝ። ሌላው መሥሪያ ቤት ሁሉ ሰው ማድረስ ያውቃል፤ ሰው ማስቀረት ግን እንደ እናንተ የተካነ አላየሁም። ይህን ጥበባችሁን ለአንድ ጊዜ ለበጎ ሥራ ብታውሉት አገር ያመሰግናችኋል።

ያም ባይሆን፣ ማንም የሰው ልጅ አንድ እስክሪብቶ አንሥቶ ከረጢቷ ላይ ያለውን የከተማ ስም ቢሰርዘው፣ ሁላችንም ወደየቤታችን እንሄዳለን። ይህን ያህል ድፍረት መጠየቄን ይቅር ይበሉኝ፤ ብዙ መቀመጥ ያመጣው ነው።

ለእርስዎና ለመሥሪያ ቤትዎ ያለኝ አክብሮት ከተፈቀደው ኪሎ በላይ በመሆኑ ሁሉንም በአንድ ጊዜ መላክ አልቻልኩም፤ የተረፈውን ስመጣ በእጄ አደርሳለሁ።

ሳትሰለቹ በየቀኑ የምትመዝኗት፣ ሳትሰለች በየቀኑ የምትቀርላችሁ፣
ከረጢቷን ያስመዘገበችው ሴት
ከመጠበቂያው ክፍል

ማስታወሻ፦ ይህን ደብዳቤ፣ ግልባጩን ሰጥቼው፣ የሚያወጣው የዚህ ከተማ ጋዜጣ ነገ ጠዋት በትንሹ አውሮፕላናችሁ ወደ መጨረሻዋ ከተማ ይሄዳል። ጥቅሉ ስንት ኪሎ እንደሚመዝን ባለሚዛኑን ጠይቄው ነበር። «ጋዜጣማ አይመዘንም እማማ፤ ከአብራሪው ኋላ ወርወር ነው» አለኝ። እግዜር ይስጥልኝ። እኔን ማድረስ ባትችሉም ስለ እናንተ የጻፍኩትን በነፃ ታደርሱልኛላችሁ።

እህቴ በሰው አፍ የተነገራትን አታምንም፤ ታትሞ የወጣ ነገር ግን ታምናለች። ነርሷ ጠዋት ጠዋት ጋዜጣ ታነብላታለች። ስለዚህ፣ ክቡር ሆይ፣ ከዚህ በታች ያለው ለእርስዎ አይደለም፤ እዚህ ላይ ቢያቆሙልኝ ደስ ይለኛል።

እህት ዓለም፣ ግቢ። ሐኪሙ ሳይሄድብሽ፣ እኔን ሳትጠብቂ ግቢ። ያኔ መምጣት እየቻልኩ ነው የቀረሁት። አሁን እየመጣሁ ነው የቀረሁት። ግቢ።